ለሳፋሪ ስትዘጋጂ ከአንበሳው ይልቅ ስለ መኪናው አስቢ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «በነሐሴ ከእናቴ ጋር ሳፋሪ ልንሄድ ነው። ከናይሮቢ በትንሽ አውሮፕላን ማሳይ ማራ ሦስት ሌሊት፣ ከዚያ ወደ ታንዛኒያ ተሻግረን ሴሬንጌቲ ሦስት ሌሊት፣ መጨረሻ ላይ ንጎሮንጎሮ አንድ ሌሊት። እናቴ 62 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷንና ወገቧን ያማታል፣ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። ምን ምን እንያዝ? ልብሱም መድኃኒቱም ግራ ገባኝ። ትልቅ ባለ ጎማ ሻንጣ ገዝቻለሁ፣ ይበቃን ይሆን?»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ሻንጣው አይሆንም። አንሶ ሳይሆን ስለማይገባ ነው። ከናይሮቢ ዊልሰን ኤርፖርት ወደ ማራ የሚበሩት አውሮፕላኖች ትንንሽ ናቸው፤ ብዙዎቹ 12 ሰው ገደማ የሚይዙ ሴስና ካራቫን ናቸው። ዕቃ የሚጫነው ከአውሮፕላኑ ሆድ ሥር ባለች ጠባብ ሳጥን ውስጥ ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ለአንድ ሰው የሚፈቀደው 15 ኪሎ ብቻ ነው፣ ያውም የእጅ ቦርሳው ተቆጥሮ። ቦርሳው ደግሞ ጨርቅ፣ የሚጨፈለቅ፣ ብረትም ጎማም የሌለው መሆን አለበት። ቲኬታችሁ ላይ የተጻፈውን ኪሎ ግን አረጋግጪ፣ ተጨማሪ ኪሎ ከፍሎ መግዛት የሚቻልበት ጊዜም አለ።

አንድ ጊዜ ደረቅ ሻንጣ ይዘው የመጡ ባልና ሚስት ሚዛኑ ፊት ለፊት ወለል ላይ ቁጭ ብለው ዕቃቸውን ሲያራግፉ አብሬያቸው ነበርኩ። ሦስት ጥንድ ጫማ፣ የፀጉር ማድረቂያ፣ ሁለት ሙሉ ጠርሙስ ሻምፖ፣ የእራት ቀሚስ። ግማሹን ናይሮቢ አስቀምጠው ሄዱ። በስድስት ቀን ውስጥ ካስቀሩት ዕቃ አንዱንም «ምነው በያዝኩት» ሲሉ አልሰማሁም። የጎደላቸው ሌላ ነገር ነበር። በማግስቱ ንጋት ላይ ሚስትየዋ በስስ ሸሚዝ ወጥታ ጥርሷ ሲንቀጫቀጭ የካምፑን ብርድ ልብስ ተከናንባ ነው አንበሳ ያየችው።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ሰው ለሳፋሪ ሲዘጋጅ የሚያስበው ስለ እንስሳቱ ነው። ከጫካ ጋር የሚታገል ይመስለዋል፣ ቦት ጫማ ይገዛል፣ ባለ ሃያ ኪስ ሰደርያ ይገዛል። እናንተ ግን የምትታገሉት ከመኪና ጋር ነው። በቀን በድምሩ ከስድስት እስከ አስር ሰዓት ያህል መኪና ውስጥ ናችሁ። ጣሪያው ይከፈታል፣ ነፋስ ይገባል፣ አቧራ ይገባል፣ መንገዱ ይንጣል፣ መጸዳጃ በቅርብ የለም። እዚያ የሚያማርር ሰው ካየሽ ምክንያቱ ከእነዚህ አንዱ ነው። እያንዳንዱን ዕቃ ስታነሺ «ይሄ መኪና ውስጥ ምን ይሠራልኛል?» ብለሽ ጠይቂ። የማይሠራ ከሆነ ቤት ይቅር።

ከልብሱ በፊት ግን ወረቀቱ ይቅደም፣ እሱ ጊዜ ይፈልጋል። ኬንያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች አንዷ ናት። ታንዛኒያ ደግሞ ከእነዚህ አገሮች የሚገባን መንገደኛ የክትባት ካርድ ትጠይቃለች። እናንተ የምትገቡት ከኬንያ ነው፣ ስለዚህ ካርዱ ያስፈልጋችኋል። ካርዱ የሚጸናው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2016 ወዲህ አንዴ የተከተበ ሰው ካርዱ ዕድሜ ልኩን ያገለግለዋል፣ በፊት በየአስር ዓመቱ ይታደስ ነበር። ድሮ ተከትባችሁ ከሆነ ያንን ቢጫ ካርድ ፈልጊው።

እናትሽ ተከትበው የማያውቁ ከሆነ ግን ዝም ብለሽ ክትባት ቦታ አትውሰጃቸው። ይህ ክትባት ከተዳከመ ሕያው ቫይረስ የሚሠራ ነው። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ በሚከተቡ ሰዎች ላይ ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት የመድረስ ዕድሉ ከወጣቶች ከፍ ይላል። ጉዳቱ እንደዚያም ሆኖ ብዙ ጊዜ የሚታይ አይደለም፣ ግን ውሳኔው የሐኪማቸው ነው። ሐኪሙ «አይከተቡ» ካለ በጽሑፍ የተፈረመ የሕክምና ማስረጃ ይሰጣል፣ ያንን ይዘው ይሄዳሉ። በዚህ ጊዜ አስቀድመሽ የታንዛኒያን ኤምባሲ ጠይቂ፣ ድንበር ላይ ቆሞ መከራከር ለእሳቸው ድካም ነው። ፓስፖርታችሁም ቢያንስ ስድስት ወር የቀረው ይሁን።

በነገራችን ላይ ማራና ሴሬንጌቲ ካርታ ላይ አንድ ሜዳ ናቸው። እንስሳው ቀጥ ብሎ ይሻገራል። ለቱሪስት ግን በመካከላቸው ያለው መሻገሪያ ዝግ ነው። ዞሮ ኢሴባንያ በሚባለው የድንበር ከተማ በኩል በመኪና ወይም በትንሽ አውሮፕላን ተቀጣጥሎ መሄድ ነው ያለው፣ እና ያ ቀን ይበላል። አዘጋጆቻችሁ የሰጧችሁን ፕሮግራም እዚህ ላይ በደንብ እዪው። «ጠዋት ማራ፣ ከሰዓት ሴሬንጌቲ እንስሳ እናያለን» የሚል ከሆነ ሰዓቱን አስቆጥሪያቸው።

ወባ። ሁለቱም ቦታ አለ፣ ስለዚህ መከላከያ ኪኒን ከሐኪም ጋር ተነጋግራችሁ ያዙ። አቶቫኮን ፕሮጓኒል የሚባለው ከመግባታችሁ አንድ ወይም ሁለት ቀን በፊት ይጀመራል፣ በየቀኑ ይወሰዳል፣ ከወጣችሁ በኋላ 7 ቀን ይቀጥላል። ዶክሲሳይክሊን ርካሽ ነው፣ ግን ከወጣችሁ በኋላ 28 ቀን ይቀጥላል፣ ቆዳንም ለፀሐይ ስስ ያደርጋል፣ በምድር ወገብ ፀሐይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሜፍሎኩዊን የሚባል ሳምንታዊም አለ፣ እንቅልፍና ስሜት የሚያውክባቸው ሰዎች ስላሉ ከጉዞው ሁለት ሦስት ሳምንት ቀድሞ ነው የሚጀመረው። እናትሽ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ስም ዝርዝር ለሐኪሙ አሳዪ። ኪኒኑ ብቻውን አይበቃም። የወባ ትንኝ የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ስለሆነ ፀሐይ ስትጠልቅ እጅጌ ረጅም ሸሚዝና ረጅም ሱሪ ልበሱ፣ ዲኢኢቲ (DEET) የሚባለው ንጥረ ነገር ያለበት የትንኝ መከላከያ ተቀቡ። መጀመሪያ የፀሐይ ክሬም፣ ከላይ የትንኝ መከላከያ። እጃችሁን ሳትጠርጉ ግን ካሜራና መነጽር አትንኩ። ዲኢኢቲ ፕላስቲክ ያሟሟል፣ የጣት አሻራው ካሜራ ላይ ቀልጦ የቀረበት ሰው አውቃለሁ።

አሁን ወደ ልብሱ። ነሐሴ እዚያ ደረቅና ቀዝቃዛ ወቅት ነው። ቀን ላይ ትሞቂያለሽ፣ ንጋት ላይ ግን ሌላ አገር ነው። ንጎሮንጎሮ እሳተ ገሞራ ተደርምሶ የሠራው ትልቅ ጎድጓዳ ሜዳ ነው። ጠርዙ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ነው፣ ነሐሴ ላይ ንጋቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። ሜዳው ከዚያ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይገኛል፣ ረፋድ ላይ እዚያ ስትደርሱ ጃኬት የማይታሰብ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ወፍራም ካፖርት መያዝ ስህተት ነው። ደራርበሽ የምትለብሺውና እየገፈፍሽ የምትሄጂው ያስፈልግሻል፦ ከሥር ቲሸርት፣ ከላይ እጅጌ ረጅም ስስ ሸሚዝ፣ ከዚያ ወፈር ያለ ሹራብ፣ ከሁሉም በላይ ነፋስ የማያስገባ ቀለል ያለ ጃኬት። ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያና ስስ ጓንትም ጨምሪ። ጓንቱን ስትሰሚ ሳቅሽ ይመጣ ይሆናል፤ ጣሪያው ተከፍቶ ቆመሽ የመኪናውን ብረት ይዘሽ ንጋት ላይ ስትሄጂ ትረጂዋለሽ።

ለሰባት ቀን የሚበቃው ይህን ያህል ነው፦ ሁለት ረጅም ሱሪ፣ አራት የላይ ልብስ፣ አንድ ሹራብ፣ አንድ ጃኬት፣ የሌሊት ልብስ። ብዙ ካምፖች ልብስ ያጥባሉ፣ ጠዋት ሰጥተሽ ማታ ታጥፎ ይመጣል። የውስጥ ልብስ ግን ብዙ ቦታ አያጥቡም፣ በባህላቸው ነውር ስለሆነ። ለዚያ ብለው ድንኳኑ ውስጥ ሳሙና ያስቀምጣሉ። ቶሎ የሚደርቅ የውስጥ ልብስ ያዙ፣ ማታ ታጥቦ ጠዋት ይለበሳል። አንድ ነገር በግልጽ ልበልሽ፣ ለሴቶች ማንም አይነግራቸውም፦ ደረት አጥብቆ የሚይዝ የስፖርት ጡት መያዣ ያዙ። መንገዱ ሰውነትን ያናውጣል፣ ገና በመጀመሪያው ቀን ታመሰግኚኛለሽ።

ስለ ቀለም ብዙ ሰው ይጨነቃል። መኪና ውስጥ ከሆናችሁ ካኪ መልበስ ግዴታ አይደለም። አብዛኞቹ አጥቢ የዱር እንስሳት ቀይና አረንጓዴን ለይተው አያዩም፣ መኪናውን ከነሰዎቹ እንደ አንድ ትልቅ ነገር ነው የሚያዩት። ለዚህ ነው እጅ ማውጣት፣ ከመኪና አካል ወጣ ብሎ መቆም የማይፈቀደው፤ ያ አንድ ቅርጽ ሲሰበር ይደነግጣሉ ወይም ይቆጣሉ። ነጭ ልብስ በአንድ ሰዓት ቡናማ ይሆናል፣ እሱን ተዪው። በእውነት የምከለክልሽ ጥቁርና ደማቅ ሰማያዊ ነው። ገንዲ የምታመጣዋ የቆላ ዝንብ፣ ጼጼ የምንላት፣ እነዚህን ሁለት ቀለሞች ትወዳለች። በሴሬንጌቲ ዛፍ ላይ ሰማያዊና ጥቁር ጨርቅ ተንጠልጥሎ ካየሽ ለእሷ የተዘጋጀ ወጥመድ ነው። ንክሻዋ በስስ ልብስ ያልፋል፣ የትንኝ መከላከያውም ብዙ አይመልሳትም። ጂንስሽን ቤት ተዪው፣ ከቀለሙ በላይ ይከብዳል፣ አይደርቅምም። የወታደር ዓይነት ዥንጉርጉር ልብስ ደግሞ ጨርሶ አትያዙ። ኡጋንዳ፣ ዛምቢያና ዚምባብዌ በሕግ ይከለክሉታል፣ ሌላም ቦታ ቢሆን ከፖሊስ ጋር ያነካካል።

አቧራው። ሰው «አቧራ ምን አላት» ይላል። የደቡብ ሴሬንጌቲ አፈር ከእሳተ ገሞራ አመድ የመጣ ነው፣ እንደ ዱቄት የላመ። ፊት ለፊት የሚመጣ መኪና ካለፈ በኋላ ጥርስሽ መሃል ይንቀጫቀጫል፣ የቦርሳሽ ዚፕ ይያዛል፣ የዓይን ቅንድብሽ ነጭ ይሆናል። እናም ከያዝሽው ሁሉ በጣም የሚሠራልሽ አንድ ሰፊ የጥጥ ስካርፍ ነው። አፍና አፍንጫ ይሸፍናል፣ አንገት ከፀሐይ ይከላከላል፣ ጠዋት ያሞቃል፣ ካሜራ ይጠቀለልበታል፣ ለመጸዳዳት ስትወርዱ ይጋርዳል። ካንጋ የሚባለውን የአካባቢውን ጨርቅ እዚያው መግዛት ትችያለሽ፣ ለሁለታችሁም አንድ አንድ። ዓይን ውስጥ የሚገባ ሌንስ (ኮንታክት ሌንስ) የምታደርጊ ከሆነ እሱን ትተሽ ተራ መነጽርሽን አድርጊ፣ አቧራና ሌንስ አብረው አይኖሩም። የዓይን ጠብታና የከንፈር ቅባት እጅሽ አጠገብ ይሁኑ።

ቅድም መጸዳጃ ብዬ የለ። እናትሽ የሚወስዱት የግፊት መድኃኒት ሽንት የሚያበዛው ዓይነት ሊሆን ይችላል። ከሆነ የሚወስዱበትን ሰዓት ማስተካከል ይቻል እንደሆነ ሐኪማቸውን ጠይቂ፣ በራሳችሁ ግን ምንም አትቀንሱ፣ አታቋርጡ። ብዙ እናቶች ሽንት እንዳይመጣባቸው ብለው ውሃ አይጠጡም። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ሆኖ ውሃ አለመጠጣት ለግፊት ታማሚ አደገኛ ነው። ከዚያ ይልቅ ለሾፌሩ በመጀመሪያው ቀን በግልጽ ንገሪው። በስዋሂሊ «ኩቺምባ ዳዋ» ይላሉ፣ መድኃኒት ቆፈራ ማለት ነው፣ መንገድ ላይ ወርዶ መጸዳዳትን እንዲህ ነው የሚሸፋፍኑት። ይህን ካልሽው ሾፌሩ ፈገግ ብሎ ግልጥ ያለ ቦታ ይፈልጋል፣ ዙሪያውን ያያል፣ ከመኪናው ጀርባ ያቆማችኋል። እሱ ሳይፈቅድ ግን ማንም አይወርድም፣ ሣሩ ባዶ ቢመስልም። ሶፍት፣ እርጥብ መጥረጊያና የእጅ ማጽጃ ያዙ፣ የተጠቀማችሁበትን ደግሞ በወረቀት ከረጢት አድርጋችሁ መልሳችሁ ይዛችሁ ውጡ። እዚያ ሜዳ ላይ ከሩቅ የሚያበራ ነጭ ሶፍት ሳይ ከልቤ አዝናለሁ።

የወረቀት ከረጢት ያልኩት በምክንያት ነው። ኬንያ የፕላስቲክ ከረጢትን እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2017 ጀምሮ ከልክላለች፣ ታንዛኒያም ከጁን 2019 ጀምሮ። ኤርፖርት ላይ ሊወስዱባችሁ ይችላሉ፣ ቅጣትም አለው። በኬንያ ፓርኮች ውስጥ ከ2020 ጀምሮ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት የፕላስቲክ ውሃ ጠርሙስ እንኳ አይገባም። ልብሳችሁን በጨርቅ ከረጢት ለዩ፣ ለእያንዳንዳችሁ የሚሞላ የብረት ጠርሙስ ያዙ። ካምፑ የተጣራ ውሃ ይሞላላችኋል፣ የቧንቧ ውሃ ግን አትጠጡ። ድሮን ካለሽም ቤት ይቅር። ያለ ልዩ ፈቃድ ፓርክ ውስጥ አይነሳም፣ ኤርፖርት ላይም ያስይዝሻል።

ስለ ወገባቸው። መኪና ውስጥ መቀመጫ ሁሉ እኩል አይደለም። የኋላው ረድፍ የኋላ ጎማ ላይ ስለሚያርፍ እያንዳንዱ ጉድጓድ ቀጥታ ወደ ወገብ ይመጣል። እናትሽ ከሾፌሩ ቀጥሎ ባለው ረድፍ ይቀመጡ። ከሌሎች ሰዎች ጋር የምትጋሩት መኪና ከሆነ ይህን ከመሄዳችሁ በፊት በጽሑፍ አሳውቂ፣ እዚያ ደርሰሽ መለመን ከባድ ነው። ላንድክሩዘር ከፍታው ለጉልበት አይመችም፣ ትንሽ መረገጫ እንዲያዘጋጁ ንገሪያቸው፣ አብዛኞቹ አላቸው። የሚነፋ የአንገት ትራስ ከወገብ ጀርባ ሲገባ ብዙ ያግዛል፣ ሲተነፍስም ቦታ አይወስድም። ደግሞ በየቀኑ ከንጋት እስከ ማታ አትውጡ። አንበሳ በቀን እስከ 20 ሰዓት ይተኛል፣ እኩለ ቀን ላይ ዛፍ ሥር ተዘርግቶ ነው የምታገኙት። ንጋት ወጥታችሁ፣ ምሳ ላይ ተመልሳችሁ፣ እናትሽ አርፈው፣ ዘጠኝ ተኩል ወይም አስር ሰዓት ላይ እንደገና ብትወጡ ምንም አያመልጣችሁም። ዊልደቢስት የሚባሉት በሬ መሳይ የዱር እንስሳት በመንጋ ወንዝ ሲሻገሩ ለማየት ከሆነ ግን ሌላ ነው። ዊልደቢስቶቹ ማራ ወንዝ ዳር ደርሰው ለሰዓታት ይቆማሉ፣ አንዱ ይገባል ብለሽ ስትጠብቂ ሁሉም ዞረው ይመለሳሉ። በዚያ ቀን ምሳ፣ ውሃና ትዕግሥት ይዛችሁ መዋል ነው። የአየር ባሉኑ ነገር ብዙ ሰው ይመኘዋል፣ ግን ቅርጫቱ ውስጥ ተንጠላጥሎ መግባት አለ፣ ሲያርፍም ይመታል። በሳቸው ወገብ አልመክርም።

ሰዓት ሲነሳ አንድ ነገር። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛ ከንጋት ጀምረው ነው። «ሳአ ኩሚ ና ምቢሊ አሱቡሂ» ማለት የጠዋቱ 12 ሰዓት ነው፣ ልክ እኛ እንደምንለው። ለቱሪስት ሲያወሩ ግን በፈረንጅ ሰዓት ይናገራሉ። አንቺ ደግሞ በጭንቅላትሽ በአማርኛ ትቆጥሪያለሽ። ማታ ሾፌሩ «ነገ በስድስት» ካለሽ የትኛው ስድስት እንደሆነ አጣሪ። ንጋት 12 ሰዓት ማለቱ ነው፣ የፓርኩ በር የሚከፈትበት።

ገንዘብሽ የሚወጣበት አንድ ነገር ካለ ባይኖኩላር፣ የሩቁን አቅርቦ የሚያሳየው መነጽር፣ ይሁን። በብዛት የማየው ስህተት ይህ ነው፦ ካሜራ ላይ ብዙ ያወጣሉ፣ ባይኖኩላር ግን ለአራት ሰው አንድ ይዘው ይመጣሉ። ነብር እንዴት እንደሚታይ ልንገርሽ። ሾፌሩ ያቆማል፣ ወደ አንድ ግራር ይጠቁማል፣ አንቺ ቅጠል ብቻ ታያለሽ። በባይኖኩላር ቅርንጫፉን ቀስ ብለሽ ትከተያለሽ። መጀመሪያ የምታገኚው ቁልቁል የተንጠለጠለ ጭራ ነው፣ ጫፉ ትንሽ ወደ ላይ ታጥፏል። ከዚያ አንድ እግር። ከዚያ ፊቱ ይመጣል፣ አንቺን እያየሽ። ይህ ሁሉ ግማሽ ደቂቃ ነው። ባይኖኩላሩን ለእናትሽ ስታቀብዪ፣ እሳቸው በዓይናቸው ልክ እስኪያስተካክሉ፣ ነብሩ ወርዶ ሣሩ ውስጥ ገብቷል። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ። 8 በ42 የሚባለውን ግዢ። 8ቱ የሚያጎላበት ልክ ነው፣ 42ቱ የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊሜትር። 10 በ42 የበለጠ ያጎላል፣ ግን የእጅ መንቀጥቀጥንም አብሮ ያጎላል፣ ለእናትሽ አይመችም። ጠባቦቹ የኪስ ባይኖኩላሮች ደግሞ ንጋትና ምሽት ላይ ይጨልማሉ፣ እንስሳው ደግሞ የሚንቀሳቀሰው ያኔ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ቤት ውስጥ ወፍ እያያችሁ ተለማመዱበት።

ፎቶ ላይ አልዘገይም። የእጅ ስልክ ለሜዳውና ለዝሆን ይበቃል። ካሜራ የምትይዢ ከሆነ እስከ 400 ሚሊሜትር የሚደርስ ሌንስ ጥሩ ነው፣ አቧራ ላይ ሌንስ አትቀያይሪ፣ ትርፍ ባትሪ ያዢ። ባዶ የጨርቅ ከረጢት ይዘሽ ሄደሽ እዚያ ሩዝ ወይም ባቄላ ሞልተሽ የመኪናው ጣሪያ ጠርዝ ላይ ካሜራውን ብታሳርፊበት ከማንኛውም ባለ እግር መቆሚያ ይሻላል። የሁለቱም አገር የኤሌክትሪክ ሶኬት ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ነው፣ እንግሊዞች የሚጠቀሙት ዓይነት። ብዙ ካምፖች በፀሐይ ኃይል ስለሚሠሩ ሌሊት መብራት ይጠፋል፣ ፓወር ባንክ ያዙ። እሱም፣ ካሜራውም፣ መድኃኒቱም በእጅ ቦርሳ ይሁን።

ጫማ አንድ ቀለል ያለ ሽፍን ጫማ ይበቃል፣ ለካምፕ ደግሞ ነጠላ ጫማ። ቦት አያስፈልጋችሁም፣ በእግር የምትሄዱበት ፕሮግራም የላችሁም። ጠዋት ጫማችሁን ከማጥለቃችሁ በፊት ገልብጣችሁ አራግፉ፣ ጊንጥ ሞቅ ያለ ቦታ ይወዳል። የግንባር ባትሪ ለእያንዳንዳችሁ ያዙ። ማታ ከድንኳን ወደ እራት ብቻችሁን አትሄዱም፣ ጠባቂው መጥቶ ይወስዳችኋል። ይህን እንደ ወግ አትዩት። ጉማሬ ሌሊት ከወንዝ ወጥቶ ሣር ይግጣል፣ በእሱና በውሃው መሃል መገኘት የለባችሁም። ድንኳን ውስጥ ምግብ አታስቀምጡ፣ ብስኩትም ቢሆን። ስትወጡ ዚፑን እስከ ታች ዝጉ፣ ጦጣ ዚፕ መክፈት ታውቃለች፣ ስለዚህ ካምፑ መቆለፊያ ካለው ተጠቀሙበት።

የመድኃኒት ቦርሳው ትንሽ ይሁን፣ ግን የእናትሽ መድኃኒት ከጉዞው ቀን በላይ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት የሚተርፍ ይሁን፣ ከነማሸጊያው፣ ከነማዘዣው። ከዚያ ውጪ የሕመም ማስታገሻ፣ የተቅማጥ መድኃኒትና የኦአርኤስ ከረጢት፣ ለአለርጂ የሚሆን፣ የቁስል ፕላስተር፣ የወገብ ቅባት። ኢንሹራንስ ግዢ፣ ስትገዢም በአውሮፕላን ማንሳትን ይሸፍን እንደሆነ ጠይቂ። ከሴሬንጌቲ መሃል ወደ ሆስፒታል በመኪና ማለት የአንድ ቀን መንገድ ነው። መቀመጫውን ናይሮቢ ያደረገው የአምሬፍ በራሪ ሐኪሞች አገልግሎት እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ይህንኑ ነው የሚሠራው። ካምፓችሁ በዋጋው ውስጥ አካትቶት እንደሆነም አጣሪ፣ አንዳንዶቹ ያካትታሉ።

ገንዘብ፦ ንጹሕ፣ ያልተቀደደ፣ አዲስ ዶላር ያዙ። የድሮ ኅትመት ብዙ ቦታ አይቀበሉም፣ ከ2009 እ.ኤ.አ. በኋላ የታተመ ቢሆን አትቸገሩም። ለጉርሻ የሚሆን ትንንሽ ኖት በፖስታ ለይተሽ ከቤት ውጪ፣ አንዱን ለሾፌራችሁ፣ አንዱን ለካምፑ ሠራተኞች የጋራ ሳጥን። ስንት የሚለውን አዘጋጆቹን ቀድመሽ ጠይቂ፣ መጨረሻው ቀን ላይ መሸማቀቅ እንዳይመጣ።

ሾፌራችሁን ግን በጉርሻ አትፈትኑት። «ትንሽ ቅረብልን» የሚለው ቃል ብዙ ጉዳት አድርሷል። በሴሬንጌቲ ከመንገድ መውጣት የተከለከለ ነው፣ ቅጣቱ ደግሞ እሱ ላይ ነው የሚወድቀው። አቦ ሸማኔ የምታድነው በቀን ነው፣ መኪና ሲከባት ትተዋለች፣ ግልገሎቿ ጾማቸውን ያድራሉ። ባይኖኩላር ይዛችኋል፣ ከሩቅ ሆናችሁ እዩዋት። ጨርሳ ስታድን የምታዩት እንደዚያ ሆናችሁ ብቻ ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት ባለው ሳምንት ሁለቱንም ቦርሳ ሞልተሽ ሚዛን ላይ አውጪ። ከ13 ኪሎ በላይ ከሆነ ቀንሺ፣ ስትመለሺ የምትገዢው ነገር ይኖራልና። ከተመለሳችሁ በኋላ ደግሞ የወባው ኪኒን እንዳይረሳ፣ እናትሽ «ቤቴ ገባሁ» ብለው እንዳያቋርጡት። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታትና ወራት፣ እስከ አንድ ዓመት ድረስም ቢሆን፣ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ትኩሳት ቢይዛችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ፣ ገና ስትገቡም ማራና ሴሬንጌቲ እንደነበራችሁ ንገሩት።